የተሸነፋችሁበትን ቼዝ ማን ይይላችሁ? ማሽኑ፣ የዶላሩ አሰልጣኝ ወይስ የፈረንጅ አራዳው ጓደኛ

ማታ ማታ ስልኬ ላይ አምስት ጌም እጫወታለሁ፤ አራቱን እሸነፋለሁ። ሬቲንጌ (የችሎታ ነጥቤ) ለወራት ከ1400 ፈቀቅ አላለም። ስለዚህ ጨዋታዬን የሚያይልኝ ፍለጋ ገባሁ። ጂማ ሆኖ ለሚመርጥ ሰው ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማሽኑ። ሊቼስ የሚባለው የኦንላይን ቼዝ መጫወቻ ላይ ጨዋታው ሲያልቅ ስቶክፊሽ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይተነትንላችኋል፤ የተሳሳታችሁበትን ቦታ መልሶ ያስሞክራችኋል። ሌላኛው መጫወቻ ቼስ ዶት ኮም ላይ ግን የነፃው ግምገማ በቁጥር የተገደበ ነው፤ ያለ ገደብ ከፈለጋችሁ ትከፍላላችሁ። እኔ ልከፍል ሞክሬ የብር ካርዴ አልሠራም። ብዙም አልቆጨኝም።

ምክንያቱም ማሽኑ ስህተቱን ያሳያል እንጂ አያስረዳም። አንድ ጨዋታ ላይ በ14ኛው ሙቭ ፈረሴን አነሳሁ። ሁለት የጥያቄ ምልክት ለጠፈብኝ። እሺ፣ ተሳስቻለሁ፤ ግን ለምን? መልሱ የፊደልና የቁጥር ሰልፍ ነው። ያንኑ ጨዋታ እዚሁ ጂማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና እየጠጣን ለጓደኛዬ አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎኝ ሦስት ሙቭ ወደኋላ መለሰው። «ፈረስህ የሁለት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ወታደሩንም ንግሥቷንም ይጠብቃል። እሱን ስታነሳው ማን ይጠብቃቸው?» አለኝ። አሁን ፈረስ ከመንካቴ በፊት ምን እየጠበቀ እንደሆነ አያለሁ።

ጓደኛ ግን ሲመቸው ነው የሚገኘው። እሱ ራሱ የማይችለውንም አያስተምራችሁም። የኔው መጨረሻው ላይ ንጉሥና ወታደር ብቻ ሲቀሩ እንደኔው ይጠፋበታል።

የውጭ አሰልጣኝ? ሊቼስ ላይ ዝርዝራቸው አለ፤ በሰዓት 20 እና 30 ዶላር የሚሉ ታገኛላችሁ። ዶላሩን ከየት አምጥታችሁ፣ በምን መንገድ እንደምትልኩ አስቡት። መብራት ሲሄድ ትምህርቱም ይቋረጣል። ደግሞ ግራንድማስተር (የቼዝ ትልቁ ማዕረግ) ለመባል 2500 ሬቲንግ ያስፈልጋል፤ 1400 ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ትርፍ ነው። 1900 አካባቢ ያለ፣ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያስረዳ፣ ክፍያውን በቴሌብር ተቀብሎ በቴሌግራም የሚያስተምር ሰው ይበቃል።

ከ1500 በታች ከሆናችሁ ምርጫዬ ማሽኑን በየቀኑ፣ ሰውን በወር ሁለቴ ነው። ለአሰልጣኙ ሬቲንጋችሁን ስትነግሩት የየትኛው መጫወቻ እንደሆነ ጥቀሱ፤ የሊቼስ ቁጥር ከቼስ ዶት ኮሙ ከፍ ማለት ይወዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ ላኩለት። «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነበር?» ብሎ ከጠየቀ ክፈሉት። የማሽኑን ቁጥር ካነበበላችሁ፣ እሱንማ ስልካችሁም በነፃ ያነብላችኋል።