ቪም ስታክ ሲያደርግ፦ ኮንትሮል ኪው ወይስ ኪል?

ባለፈው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የሰርቨር ፋይል ሳስተካክል ቪም የሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ድርቅ አለብኝ። ጣቴ ከልማድ ኮንትሮል ኤስን ነክቶ ነበር። ሴቭ ያደረግኩ መስሎኝ! ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ይሄ ስክሪኑን ያቆማል እንጂ ሴቭ አያደርግም።

ኮንትሮል ኪው፦ የቆመውን ስክሪን ይለቀዋል፤ አንዴ መጫን ነው። ምንም አይጠፋም። ስክሪኑ ቆሞ ሳለ የነካካኸው ቁልፍ ግን ወደ ቪም ይገባል፣ ፋይሉንም ሊቀይር ይችላል፤ ኪቦርዱን አትደብድበው።

ኪል፦ ፕሮግራም የሚዘጋ ትእዛዝ ነው። ሌላ ተርሚናል ከፍተህ የቪምን የፕሮሰስ ቁጥር (እየሠራ ያለው ፕሮግራም መለያ) ፈልገህ ለኪል ትሰጠዋለህ። ተራው ኪል ለቪም ስዋፕ ፋይሉን (ሴቭ ያላደረግከውን ሥራ የሚይዝበትን መጠባበቂያ) የሚያስቀምጥበት ፋታ ይሰጠዋል፤ በኋላ በ«ቪም ሰረዝ አር» ታወጣዋለህ። ኪል ሰረዝ 9 ፋታ አያውቅም፤ መጨረሻ ላይ የጻፍከውን ሊበላው ይችላል።

እኔ ሁሌ በኪው እጀምራለሁ። ካልነቃ ወይም ሲፒዩውን እየበላ ከሆነ፣ ተራው ኪል። 9ን የምነካው እሱም እምቢ ሲል ነው።