ጎርሊትስ፦ ከደብረ ብርሃን ለሚነሣ ተጓዥ የጉብኝት ግምገማ

ለዘመድ ጥየቃም ሆነ ለሥልጠና ጀርመን የሚሄድ የሰሜን ሸዋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍራንክፈርትንና በርሊንን አይቶ ይመለሳል። ሁለት ቀን የሚተርፈው ካለ ግን ቀኖቹን ለጎርሊትስ ቢሰጥ አይቆጨውም። ከተማዋ በሳክሶኒ ክልል፣ በጀርመን የመጨረሻው ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ናይሴ ወንዝ ዳር ናት። ድልድዩን በእግር ከተሻገራችሁ ፖላንድ ገባችሁ። ከ4,000 በላይ ሕንፃዎቿ በቅርስነት ተመዝግበዋል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ድሬስደንን አመድ ሲያደርግ ይህችን ከተማ እምብዛም አልነካትም። ስለዚህ የምታዩት አብዛኛው ግንብ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ሳይሆን ከጥንት የቆመው ራሱ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሀብቷ ምንጭ ንግድ ነው። ከምዕራብ አውሮፓ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው «ቪያ ሬጊያ» የተባለው የንጉሥ መንገድ ናይሴን የሚሻገረው እዚህ ነበር። የገበያዋ ከተማ አልዩ አምባ ለአንኮበር ቤተ መንግሥት ምን እንደነበረች የሚያውቅ ሰው የዚህች ከተማ ነጋዴዎች ከበራቸው ከሚያልፈው ሲራራ ምን ያህል እንደተጠቀሙ ለመገመት አይቸገርም። በሜይ 1945 አፈግፋጊው የጀርመን ጦር ድልድዮቹን አፈራረሳቸው፤ ወንዙም ድንበር ሆነና ምሥራቃዊው ሰፈር ዝጎዤሌትስ ተብሎ የፖላንድ ከተማ ሆነ። ምሥራቅ ጀርመንና ፖላንድ ድንበሩን ያጸደቁበትን ውል የተፈራረሙትም እዚያው ዝጎዤሌትስ ውስጥ፣ ጁላይ 6 ቀን 1950 ነው። አሮጌው ድልድይ በነበረበት ቦታ የእግረኛ ድልድይ የተተካው በ2004 ነው።

ከሁሉ በፊት የቪዛውን ነገር። የሸንገን (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ጤና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ፓስፖርቱም ከመመለሻ ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የመልስ መጠበቂያው ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ የቀጠሮውን ወረፋ ጨምራችሁ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ። «አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዤ ፖላንድ ብረግጥ መመለሻ አጣለሁ» የሚል ስጋት በብዙዎች ዘንድ አለ፤ መሠረት የለውም። ፖላንድ ከዲሴምበር 2007 ጀምሮ በሸንገን ውስጥ ናት፤ ድልድዩን መሻገር ከሸንገን መውጣት አይደለም። ፓስፖርቱን ሆቴል ትቶ መሻገር ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ጀርመን በ2023፣ ፖላንድም በ2025 በዚህ ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሰው ጀምረዋል። ፖሊስ ቢያስቆማችሁ ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ምስል አያድናችሁም፤ ዋናው ፓስፖርት ኪስ ውስጥ ይሁን።

ጉዞው ቀላል ነው። ከድሬስደን ዋና ጣቢያ በባውትሰን በኩል የክልል ባቡር ይሄዳል፤ እንደ ባቡሩ ዓይነት ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከበርሊን ከሆነ ኮትቡስ ላይ መቀየር አለ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ለየብቻ ትኬት አትቁረጡ፤ «ሳክሰን ቲኬት» የሚባለው የቀን ትኬት እስከ 5 ሰው በጋራ ያሳፍራል፣ በዚያው ቀን የደርሶ መልሱንም ይሸፍናል። በሥራ ቀን የሚሠራው ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ የጣቢያው ሰሌዳ 9:00 ብሎ የሚጽፈው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ይዛችሁት ከተሳፈራችሁ ያለ ትኬት እንደገባ ሰው ትቀጣላችሁ። የሰዓቱን ልዩነትም አስቡ፤ በክረምታቸው ከእኛ 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት የተመሠረተበት 15ኛው ምሥራቃዊ ኬንትሮስ በጎርሊትስ መሐል ያልፋል፤ በከተማው መናፈሻ ውስጥ የድንጋይ ምልክት ቆሞለታል።

ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ነው፤ ትራምም አለ፣ ዴሚያኒፕላትስ ላይ መውረድ ነው። መሬቱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ባለጎማ ሻንጣ ያስቸግራል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ያንሸራትታል። ሶሉ ልሙጥ የሆነ የከተማ ጫማ ትታችሁ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ አድርጉ።

መጀመሪያ የምትደርሱበት ኦበርማርክት፣ ላይኛው ገበያ ነው። እዚያ ያለው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሰዓት 7 ደቂቃ ቀድሞ ይደውላል። የአገሬው አፈ ታሪክ እንደሚለው በ1527 ሸማኔዎች በከተማው ሹማምንት ላይ አድመው በሌሊት ሲገናኙ፣ ሰዓቱ ቀድሞ በመደወሉ ከጥበቃዎች እጅ ወደቁ። ባቡር የምትይዙ ከሆነ በዚህ ደወል አትመኩ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ኡንተርማርክት፣ ታችኛው ገበያ ይመጣል፤ ጊዜያችሁን ማፍሰስ ያለባችሁ እዚህ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ሁለት ሰዓቶች አሉት። በታችኛው መካከል ያለውን የሰው ራስ ተመልከቱ፤ በየደቂቃው አገጩን ያወርዳል። ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ከዚያ ቶሎ አይነሣም። ከግንቡ ሥር የተጠማዘዘው የድንጋይ ደረጃ የ1530ዎቹ ሥራ ነው። በዚሁ አደባባይ ቁጥር 22 በር ላይ «የሹክሹክታ ቅስት» አለ። አንዱ በቅስቱ አንድ ጫፍ አፉን ወደ ቦዩ አስጠግቶ ሲያንሾካሹክ፣ ሌላው በወዲያኛው ጫፍ ጆሮውን ቢደግን ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ከቦዩ ራቅ ካላችሁ ግን ምንም አይሰማም፤ ድምፁን የሚያሻግረው በድንጋዩ ውስጥ የተፈለፈለው ጎድጓዳ መስመር ነው።

ወደ ወንዙ ሲወርዱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ከገደሉ አናት ላይ ቆሟል። ውስጡ ያለው ኦርጋን በ1703 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ቧንቧዎቹ በፀሐይ ምስሎች ዙሪያ ስለተደረደሩ «የፀሐይ ኦርጋን» ይባላል። በአንዳንድ ቀናት ቀትር ላይ ይጫወቱታል። ቀኑን በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አይታችሁ ሌላውን መርሐ ግብር በእሱ ዙሪያ አድርጉ።

ለእኛ አገር ሰው ግን የጉዞው ዋና ጉዳይ «ሃይሊገስ ግራብ»፣ ቅዱስ መቃብሩ ነው። ከድሬስደን ለግማሽ ቀን ብቅ የሚሉ ጎብኚዎች ከአሮጌው ከተማ ወጣ ስለሚል ይዘሉታል፤ እጅግ ያሳዝናል። ጌኦርግ ኤመሪኽ የተባለ የከተማዋ ባለጸጋ በ1465 ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ተመለሰ፤ ኋላም ከንቲባ ሆነ። በ1481 እና በ1504 መካከል የጌታችን መቃብር አምሳያ እዚህ ታነጸ፤ ኢየሩሳሌም መድረስ ያልቻለ ምእመን እዚሁ ይሳለም ነበር። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሐሳብ ባዕድ አይደለም።

ሕንፃዎቹ ሦስት ናቸው። የመስቀሉ ጸሎት ቤት ባለሁለት ደርብ ሲሆን ላይኛው ጎልጎታ፣ ታችኛው የአዳም ነው። ላይ ወለሉ ላይ መስቀሎቹ የተተከሉበትን የሚያመለክቱ ሦስት ጉድጓዶች አሉ፤ ታች ደግሞ ግድግዳው ላይ የዓለቱን መሰንጠቅ የሚያሳይ ስንጥቅ አለ። ደሙ በአዳም ራስ ላይ ፈሰሰ የሚለውን ትምህርት ከልጅነቱ የሰማ ሰው ያለ አስጎብኚ ይገባዋል። መጀመሪያ ላይኛውን አይታችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ምስጢሩ ይፋለሳል። ሁለተኛው ሥጋው ሽቱ የተቀባበት ትንሽ ቤት ነው፤ ውስጡ እመቤታችን በልጇ አስከሬን ላይ ስታለቅስ የሚያሳይ የድንጋይ ቅርጽ አለ። ሦስተኛው መቃብሩ ነው፤ በሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መግባት ነው። የኢየሩሳሌሙ መቃብር በ1808 ተቃጥሎ በ1810 በሌላ መልክ ስለታነጸ፣ የጎርሊትሱ ከዚያ በፊት የነበረውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ዴር ሱልጣንን ተሳልመው የተመለሱ እናቶች ልዩነቱን በዓይናቸው ይለዩታል። ወደዚያ በታክሲ አትሂዱ። ከጴጥሮስ ወጳውሎስ ምዕራባዊ በር ተነሥቶ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው መንገድ የጥንቱ የሕማማት ጉዞ መስመር ነውና በእግር ተከተሉት።

ምግብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአካባቢው ስመ ጥር ምግብ «የሲሌዥያ መንግሥተ ሰማያት» የሚባለው በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ከደረቀ ፍራፍሬና ከድቡልቡል ሊጥ ጋር ይቀርባል። ቋሊማውም አብዛኛው አሳማ ነው። «ኦነ ሽቫይነፍላይሽ» (ያለ አሳማ ሥጋ) ማለትን ያዙ። ለጾመኛ ደግሞ «ቬጌታሪሽ» አይበቃም፣ አይብና ቅቤ ይገባበታል፤ መጠየቅ ያለባችሁ «ቬጋን» ነው። የዚህ አገር ገበሬ አሮጌ ምግብ ግን የእኛን ሰው ደስ ያሰኘዋል፦ የተቀቀለ ድንች ከእርጎ መሰል አይብና ከተልባ ዘይት ጋር። አይቡን «ኦነ ክቫርክ» ብላችሁ ካስቀራችሁት ጾም ነው። ዘይቱ ወርቅማ ቢጫ ነው፤ ትኩስ ሲሆን የለውዝ ጣዕም አለው። ከመረረ ቆይቷል ማለት ነው፤ የተልባ ዘይት ቶሎ ይበላሻልና መልሱት። ማዶ ፖላንድ ፒየሮጊ የሚባለውን የታሸገ ሊጥ በጎመንና በእንጉዳይ የተሞላውን እዘዙ። ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የአሳማ ስብ ጥብስ ወይም ቅቤ ስለሚጨመርበት አስቀድማችሁ እንዳይጨምሩ ንገሩ።

ማዶ የሚሠራው ገንዘብ ዝሎቲ ነው። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ «በዝሎቲ ወይስ በራስዎ ገንዘብ?» ብሎ ቢጠይቅ ዝሎቲን ምረጡ፤ ሁለተኛው በመጥፎ ምንዛሪ ያስከፍላል። ብር ይዞ መሄድ ጥቅም የለውም፤ ዩሮውን ከአዲስ አበባ ባንክ ቪዛና ትኬት አሳይታችሁ ውሰዱ።

ብርዱን በተመለከተ የደብረ ብርሃን ሰው አይፈራም ይባላል። ልዩነቱ የእኛ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ መልቀቁ ነው፤ የጃንዋሪው ብርዳቸው ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ከወንዙም እርጥበት ይመጣበታል። ጋቢ ለሆቴል ክፍል ይሁንላችሁ፤ ለመንገድ ነፋስና ውኃ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልጋል። ምርጡ ወቅት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። በኦገስት መጨረሻ በሁለቱም ወንዝ ዳር ትልቅ በዓል ስለሚከበር አልጋ ይወደዳል። ሰኞ ብዙ ሙዚየም ዝግ ነው፤ እሑድ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ፖላንድም አብዛኛው እሑድ እንደዚያው ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ገብታችሁ አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ከሰዓቱን ለአደባባዮቹና ለድልድዩ፣ ማለዳውን ለቅዱስ መቃብሩ። የሁለት ቀን ስንቅ የሚሆን ዳቦና ፍራፍሬ ከሱቅ ከገዛችሁ ወጪው ብዙ ይቀንሳል፤ ከገበያው አደባባይ ይልቅ ጣቢያው አካባቢ ያሉት ሱቆች ረከስ ይላሉ።