በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለው ትንሽ ጋራዥ የላዳዬን የቫልቭ ድምፅ እንዴት ለየው

በተክለ ሃይማኖትና በሰንጋ ተራ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ፣ ከሦስት መኪና በላይ የማይዝ ጋራዥ አለ። በሩ ላይ የስም ሰሌዳ ስለሌለው በስም ልጠቁመው አልችልም፤ በአካባቢው «ላዳ የሚሠሩት የት ናቸው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ያገኘዋል። ባለፈው ጥቅምት የመኪናዬን የቫልቭ (አየርና ነዳጅ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው፣ ጭሱንም የሚያስወጣው ክዳን) ድምፅ ያስመረመርኩትና ያሠራሁት እዚያ ነው። ስለ ሥራው ጥራት ያለኝን አስተያየት የምሰጠው በተለይ ስለ ምርመራው ነው፤ ምክንያቱም አሮጌ መኪና የያዘ ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን የሚያጣው በጥገናው ሳይሆን ችግሩ በትክክል ሳይለይ በሚጀመር ጥገና እንደሆነ በራሴ ላይ አይቻለሁ።

መኪናዬ ላዳ 2106 ናት፤ ሞተሯ 1569 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራተር ነው። የላዳ የመጀመሪያው ሞዴል ከፊያት 124 የተወሰደ ቢሆንም፣ በቶሊያቲ ፋብሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. መመረት ሲጀምር ሞተሩ ተለውጦ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ዘንግ) በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ እንዲቀመጥና በካቴና (በሰንሰለት) እንዲዞር ተደርጓል፤ የእኔዋም ሞተር የዚያው ቤተሰብ ነው። አዲስ አበባ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ለብዙ ዓመታት ስትመላለስ የኖረች ከተማ ስለሆነች፣ ይህን ሞተር በእጃቸው የሚያውቁ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ዓይነት ትዕግሥት የላቸውም። ቀደም ብዬ የሄድኩበት ሌላ ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳያዳምጥ «ቢየላ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» ብሎኝ ነበር፤ ቢየላ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። ድምፁ ግን ቀጭን፣ እኩል፣ ከላይ የሚመጣ «ቲክ ቲክ» ስለነበረ ልቤ አላመነም።

የተክለ ሃይማኖቱ ባለሙያ እድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ ይመስላል፤ ረዳቶቻቸው «ጋሼ» ይሏቸዋል፣ እኔም በዚሁ ጠራኋቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ ድምፁ የሚብሰው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ዘይት የተቀየረው መቼ ነው? ዳገት ላይ ይጨምራል? ነዳጅ ሲለቀቅስ ይለወጣል? ከዚያም የዘይቱን መጠን አዩ፤ ከዝቅተኛው ምልክት እምብዛም ከፍ ስላላለ በመጀመሪያ እንዲሞላ አደረጉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የዘይት ግፊት መለኪያ በሚኒሞም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር) ሆነ ነዳጅ ሲጨመር የሚያሳየውን ተመለከቱ። በዚህ ሞተር ላይ ዘይት ወደ ካምሻፍቱ የሚደርሰው በመካከለኛው መቀመጫ በኩል ገብቶ በካምሻፍቱ ውስጥ ባለው ቦይ ነው፤ ግፊቱ ዝቅ ካለ ወይም ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ቫልቮቹን የሚያስከፍቱት የካምሻፍቱ ጉብታዎች በደረቅ እየተፋተጉ ያልቃሉ። ግፊቱ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ የሆነው የምርመራው ዋና ክፍል ስለሆነ በዝርዝር ልግለጸው። ካምሻፍት፣ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞር በመሆኑ፣ የአንድ ቫልቭ ምት የሞተሩን ዙር በግማሽ ይከተላል። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 850 ጊዜ ሲዞር፣ አንድ የላላ ቫልቭ በደቂቃ 425 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 7 ጊዜ ያህል ይመታል። የቢየላ ምት ደግሞ በአብዛኛው ከክራንክሻፍቱ ጋር እኩል ስለሚሄድ ፈጠን ይላል፤ ድምፁም ወፍራም ነው፣ ከታችም ይመጣል። ጋሼ ይህን በጣታቸው ኮፈኑ ጠርዝ ላይ እየመቱ አሳዩኝ፤ እኔም ልዩነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ ለየሁት።

በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። የካንዴላ ገመዶችን በየተራ እየነቀሉ መልሰው ሰኩ፤ የአንዱ ቢየላ ኩሽኔታ ተበልቶ ቢሆን ኖሮ የዚያ ሲሊንደር ማቃጠል ሲቆም ምቱ ይቀንስ ወይም ይጠፋ ነበር። በአራቱም ላይ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ እንጂ ድምፁ አልተለወጠም። ሌላው ጋራዥ «ሞተሩ ይውረድ» ያለበትን ምክንያት ውድቅ ያደረገው ይህ ሁለት ደቂቃ ያልፈጀ፣ ምንም መሣሪያ ያልጠየቀ ሙከራ ነው። ቀጥለው የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ከነዳጅ ፓምፑ ጀምረው፣ በካቴናው ክዳን አልፈው፣ በቴስታታው ክዳን ላይ ከፊት ወደ ኋላ አዳመጡ። ድምፁ የጠነከረው ከኋላ፣ በአራተኛው ሲሊንደር አጠገብ ነበር። የጭስ መሰብሰቢያው ከቴስታታው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥላሸት መኖር አለመኖሩንም በባትሪ መብራት ፈተሹ፤ እዚያ ያለው ጓርኒሲዮን (በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሲበሳ የሚያወጣው «ጭፍ ጭፍ» ጠዋት ከቫልቭ ድምፅ ጋር በቀላሉ ይምታታል፣ ብረቱ ሲሞቅና ሲሰፋ ግን ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የእኔ ሞተር ግን ሞቆም ድምፁን አላቆመም።

በመጨረሻም መኪናዋን ይዘን ወጣን። ከለገሃር ተነስተን የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ በሦስተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ተጭነን ወጣን፣ ከዚያም ነዳጅ ለቀን ወረድን። ሞተር በማዕከላዊው አዲስ አበባ ውስጥ ጭነት ሲበዛበትና ሲቀንስለት እንዴት እንደሚሰማ ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ጎዳና አላውቅም። ድምፁ ከዙሩ ጋር ፈጠነ፣ በጭነቱ ምክንያት ግን አልጠነከረም። ጋሼ «ይኼ ከላይ ነው ልጄ፤ ሌላ ነገር አትንካ» አሉኝ።

መኪናዋን በዚያው ዕለት አልከፈቱም፤ ይህም ከወደድኩላቸው ነገሮች አንዱ ነው። የዚህ ሞተር የቫልቭ ክፍተት (በካምሻፍቱ ጉብታና ቫልቩን በሚገፋው ሮከር መካከል የሚተወው ቦታ) የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ስለሆነ፣ እዚያው አሳድሬያት በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተገኘሁ። ክፍተቱ ለማስገቢያውም ለጭስ ማውጫውም ቫልቭ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የካቴናውን ምልክት አስተካክለው 8ኛውንና 6ኛውን ቫልቭ ለኩ፤ ከዚያም ክራንክሻፍቱን በየግማሽ ዙሩ እያዞሩ 4ኛውንና 7ኛውን፣ 1ኛውንና 3ኛውን፣ በመጨረሻም 5ኛውንና 2ኛውን። ማሰሪያውን ዳዶ በ17 ቁጥር፣ ማስተካከያውን ቡሎን በ13 ቁጥር ቁልፍ ይዘው፣ ዳዶው ከተጠበቀ በኋላ እያንዳንዱን እንደገና ይለካሉ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ክፍተቱን ማዛባቱ የተለመደ ነውና። ካቴናውንም የመወጠሪያውን ዳዶ አላልተው፣ ክራንክሻፍቱን አዙረው፣ መልሰው አጠበቁት።

8ኛው፣ ማለትም የአራተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በጣም ላልቶ ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ግኝት ነው፤ 1ኛውና 5ኛው፣ ሁለቱም የጭስ ማውጫ ቫልቮች፣ ከሚገባው በላይ ጠብቀው ተገኙ። የጠበቀ ቫልቭ ድምፅ አያሰማም፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሙቀቱን በብዛት የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ነው፤ ክፍተት ከሌለው በትንሹ ተከፍቶ ይቀርና ጠርዙ ይቃጠላል፣ የሲሊንደሩም ግፊት ይወርዳል። ድምፅ ያለውን አንድ ቫልቭ ብቻ አጥብቆ የሚሸኝ መካኒክ ቢያጋጥመኝ ኖሮ፣ ሞተሬ ዝም ብሎልኝ እየተቃጠለ በሄደ ነበር። ቫልቮቻቸው በቡሎን የሚስተካከሉ አሮጌ መኪኖችን የምታሽከረክሩ ሁሉ ስምንቱም መለካታቸውን ቆማችሁ እንድታረጋግጡ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

የ8ኛው ቫልቭ ጉዳይ በዚያ አላበቃም። ክፍተቱ በመለኪያው 0.15 ከሆነ በኋላም ሞተሩ ሲነሳ ትንሽ ድምፅ ቀረ። ጋሼ ምክንያቱን አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፦ ካምሻፍቱ የሚፋተግበት የሮከር ፊት ሲበላ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ጠፍጣፋው የመለኪያ ብረት ደግሞ በጉድጓዱ ላይ እንደ ድልድይ ተጋድሞ ያርፋል፤ ስለዚህ መለኪያው ትክክል ነው ቢልም እውነተኛው ክፍተት ከዚያ ይበልጣል። ሮከሩን አውጥተው በጥፍሬ እንድዳስሰው ሰጡኝ፤ ጎድጓዳው በግልጽ ይሰማ ነበር። ሶማሌ ተራ ሄጄ አንድ ሮከርና የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮን ገዛሁ፣ ከሰዓት በኋላም ተገጠመ፣ ድምፁም ጠፋ።

ቅሬታ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። የካምሻፍቱ 8ኛ ጉብታም ተጭሮ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ፤ አዲስ ሮከር በተበላ ጉብታ ላይ ሲገጠም ቶሎ እንደሚበላ ጋሼ ያውቃሉ፣ ስጠይቃቸውም አልካዱም። ገንዘቤን ለመቆጠብ አስበው «ለጊዜው ይበቃል» ማለታቸው በጎ ልብ ቢሆንም፣ ትክክለኛው ጥገና ካምሻፍቱንና ሮከሮቹን በአንድነት መለወጥ መሆኑን በግልጽ ነግረውኝ ውሳኔውን ለእኔ ቢተዉልኝ እመርጥ ነበር። ሌላው፣ ደረሰኝ አይሰጡም፤ የተሠራውንም በጽሑፍ አያሰፍሩም፤ እኔ ራሴ በማስታወሻዬ ጻፍኩት። ቀጠሮም አይከበርም፣ የመጀመሪያው ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሜ ጠብቄአለሁ። የክዳኑን ጓርኒሲዮን ረዳቱ ስለገጠመው በአንድ ጥግ ዘይት ያልብ ነበር፤ ስመለስ ያለ ክፍያ አስተካከሉልኝ።

ለእጅ ሥራው 2,000 ብር ከፈልኩ፤ ለምርመራው ለብቻው ምንም አልጠየቁኝም። ሞተሩን ለማውረድ ከተጠየቅኩት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፤ እኔ ግን ለምርመራው ቢያስከፍሉኝ ኖሮም በደስታ እከፍል ነበር፣ ትልቁን ሥራ የሠሩት በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ነውና።

ከዚያ ወዲህ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቻታለሁ። ሚኒሞው ረጋ ብሏል፣ ጠዋት ስትነሳም አትንቀጠቀጥም። ባለፈው ሳምንት ግን ከኋላ በኩል ያ ቀጭን ድምፅ እንደገና በጥቂቱ ተሰማኝ። ካምሻፍትና ስምንት ሮከር ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት መኪናዋን ማታ ወስጄ እዚያው ጋሼ ግቢ አሳድራታለሁ።