ናና ወይስ ሮዝመሪ? የሁለት ቋሚ የመዓዛ ተክሎች ግምገማ

ችግኝ በሚሸጥበት ቦታ ናና እና ሮዝመሪ፣ ማለትም የጥብስ ቅጠል፣ ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። ሁለቱም በዕፅዋት ምደባ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ሁለቱም አንዴ ከተተከሉ በየዓመቱ እንደገና መዝራት አያስፈልጋቸውም፤ ሁለቱም የሚፈለጉት በቅጠላቸው መዓዛ ነው። ይህ መመሳሰል ገዢውን ያሳስተዋል። አንዳንድ ሻጮች ይባስ ብለው ሁለቱን በአንድ መትከያ ዕቃ አጣምረው ያቀርቧቸዋል። እንዲህ ያለው ጥምር ዕቃ ለዓይን ቢያምርም እንዲገዛ አልመክርም፤ አንዱን የሚያጠግበው ውሃ ሌላውን ይገድለዋልና። አምሮት የገዛ ሰው ካለም ሥሮቻቸው ሳይጠላለፉ ቶሎ ነቅሎ ቢለያያቸው ይሻላል።

የልዩነታቸው ምንጭ የበቀሉበት ምድር ነው። ሮዝመሪ የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ተወላጅ ሲሆን፣ በጋው ደረቅ፣ አፈሩም ስስና ድንጋያማ በሆነበት ተዳፋት መኖር የለመደ፣ ግንዱ እየጠነከረ እንጨት የሚሆን ቁጥቋጦ ነው። አንድ ቅጠል ቀንጥሶ ገልበጥ አድርጎ ያየው ሰው፣ ጠርዙ ወደ ታች ተጠቅልሎ፣ ጀርባውም በደቃቅ ነጭ ጸጉር ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ ጥቅልሉም ጸጉሩም ተክሉ የያዘው እርጥበት በትነት እንዳያልቅ የሚረዱ ናቸው። ናና ግን በተፈጥሮው በወንዝ ዳርና በእርጥብ መስክ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለና ስስ፣ ግንዱም ለስላሳና ባለ አራት ማዕዘን የሆነ ተክል ነው። ኑሮው በሙሉ የተመሠረተው ሥሩ በቅርብ በሚያገኘው ውሃ ላይ ነው።

በውሃ አጠጣጥ በኩል ናናን የማስበልጠው ችግሩን ስለማይደብቅ ነው። ሲጠማው ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ጫፉም ያጎነብሳል፤ በደንብ ከጠጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ቀና ይላል። ከአፈር በላይ ያለው አካሉ ከስሞ እንኳ ሥሩ በሕይወት ካለ ከታች አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ሮዝመሪ እንዲህ ያለ ግልጽነት የለውም። ቅጠሉ ጠንካራ በመሆኑ ውሃ አጥቶም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀለሙ ደብዝዞ፣ ቅጠሉም ገና ሲነካ መርገፍ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የሚያስቸግረው ደግሞ ውሃ ሲበዛበት የሚያሳየው ምልክት ከዚሁ ጋር መመሳሰሉ ነው፤ ሥሩ በስብሶ ውሃ መሳብ ሲያቅተው የቅርንጫፎቹ ጫፍ ይደርቃል፣ ይህን ያየ ባለቤትም የተጠማ መስሎት ሌላ ውሃ ይጨምርበታል። እኔ እስካየሁት ድረስ በመትከያ ዕቃ ተተክለው ከሚሞቱት ሮዝመሪዎች የሚበዙት የሚሞቱት በዚህ ዓይነት ደግነት ነው። ስለዚህ ለሮዝመሪ ምስክር የሚሆነው ቅጠሉ ሳይሆን አፈሩ ነው። ጣትን እስከ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈሩ አስገብቶ እርጥበት ከተሰማ መተው፣ ደርቆ ከተገኘ ግን ውሃው በታችኛው ቀዳዳ እስኪወጣ አጠጥቶ ከሥር በተቀመጠው ሰሃን ላይ የተጠራቀመውን መድፋት ያስፈልጋል። ለናና ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያሻም፤ የአፈሩ ገጽ ደረቅ ማለት ሲጀምር ማጠጣት ይበቃል።

አፈርና ፀሐይ ያን ያህል አያነጋግሩም። ሮዝመሪ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል፤ በዕቃ ውስጥ ከሆነ ለተከላ በተዘጋጀው አፈር ላይ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር በብዛት መቀላቀል ነው። ቀለም ያልተቀባ የሸክላ ዕቃ በግድግዳው በኩል እርጥበት ስለሚያስወጣ ከፕላስቲክ ይሻለዋል። ማዳበሪያ ሲበዛበት ለጋና ልፍስፍስ ቅርንጫፍ ስለሚያወጣ ቁጠባው ይጠቅመዋል። ናና በበኩሉ ከፊል ጥላ ይስማማዋል፤ የተብላላ ፍግ የገባበትንና እርጥበት የሚይዘውን አፈር ይወዳል።

እስካሁን ሚዛኑ ወደ ናና ያጋደለ ይመስላል፤ ይሁንና ናና አንድ ከባድ ነውር አለበት፣ እርሱም ድንበር አለማወቁ ነው። ከአፈር በታች አግድም የሚሄዱ ግንዶች አሉት፤ እነዚህ በየአንጓቸው ወደ ታች ሥር፣ ወደ ላይ ቡቃያ እያወጡ ይራመዳሉ። መሬት ላይ የተተከለን ናና ለማጥፋት የፈለገ ሰው ነቅሎ እንደጨረሰ ቢያስብም፣ አፈር ውስጥ የቀረች አንዲት ባለ አንጓ ቁራጭ ሥራውን እንደገና ታስጀምረዋለች። መሬት ላይ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ከሥሩ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ተክሎ ዕቃውን ከነተክሉ መቅበር፣ ከንፈሩም ከአፈሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ማድረግ አለበት፤ በከንፈሩ ላይ ተዘርግተው መሬት የነኩ ግንዶችም ሥር ስለሚሰዱ መቆረጥ አለባቸው። በዕቃ ውስጥ ብቻ የሚያድግ ናናም ቢሆን ከዚህ ጠባዩ አይላቀቅም። ሥሩ ዕቃውን ዙሪያውን እየዞረ ይሞላዋል፣ መሃሉ ይራቆታል፣ ለምለሙ በጠርዝ በጠርዙ ብቻ ይቀራል። በ2 ወይም በ3 ዓመት አንዴ አውጥቶ የሥሩን ጉዝጓዝ በስለት መክፈልና ጤነኛውን ክፍል በአዲስ አፈር መትከል የግድ ነው። ሮዝመሪ ከዚህ ጣጣ ሁሉ ነፃ ሆኖ ባለበት ቦታ ለዓመታት ይቆማል።

አቆራረጣቸውም የተለያየ ነው። ናና አበባ ሊያወጣ ሲል በብዛት ይቆረጣል፤ ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር አስቀርቶ ቢታጨድ እንኳ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሮዝመሪን በዚህ ድፍረት የቆረጠ ሰው ይጸጸታል፤ ቅጠል ከሌለው ያረጀ እንጨቱ ላይ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች አዲስ ቡቃያ አይሰጥም። መቀሱ ምንጊዜም አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን ክፍል ማለፍ የለበትም፤ በአንድ ጊዜም ከተክሉ ከሲሶ በላይ ባይነሳ ይመረጣል።

ውርጭ ባለበት አካባቢ ናና ከላይ ይደርቅና ቅዝቃዜው ሲያልፍ ከሥሩ ይነሳል። ሮዝመሪ ቅጠሉን ሳያረግፍ ዓመቱን ይዘልቃል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ዓይነቶች ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጎዳሉ፣ አፈሩ እርጥብ ከሆነም ጉዳቱ ቶሎ ይመጣል። ወደ ቤት የገባ ሮዝመሪ ደግሞ ብርሃንና የአየር ዝውውር ካነሰው ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይወጣበታል።

ብያኔዬ እንዲህ ነው፦ ማጠጣት ለሚወድ፣ ቦታውም ግማሽ ጥላ ለሆነ ሰው ናና ይስማማዋል። ሙሉ ፀሐይ ያለውና ማጠጣት የሚረሳ ሰው ሮዝመሪን ይግዛ። የቱ በጥራት ይበልጣል ብሎ ለሚጠይቀኝ ግን ሮዝመሪን አስቀድማለሁ፤ ቅጠሉ ሲደርቅ መዓዛውን ይዞ ይቆያልና፣ ዓመቱን ሙሉም ከተክሉ ላይ በትኩሱ ይቀነጠሳልና።

ሲገዙ የናናን ቅጠል ጀርባ ማየት አይዘንጋ። ከሥሩ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ብናኝ ነጠብጣብ ካለበት የናና ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ ዋጋው ቢቀነስም መተው ይሻላል። በሮዝመሪ ላይ ደግሞ አፈሩ ጨቅይቶ፣ የታችኛው ቅጠል ጠቁሮ እንደሆነ ይታይ። በመለያ ወረቀቱ ላይ «ሮዝማሪኑስ ኦፊሲናሊስ» ወይም «ሳልቪያ ሮዝማሪኑስ» ቢጻፍ ተክሉ ያው ነው፤ ሁለተኛው ስም የተለመደው እ.ኤ.አ. በ2017 ከታተመ የዘረመል ጥናት በኋላ ነው። የሁለቱንም ዘር መግዛት አያዋጣም፦ የሮዝመሪ ዘር ቀስ ብሎና በጥቂቱ ይበቅላል፤ ፔፐርሚንት የሚባለው የናና ዓይነት ደግሞ ድቅል በመሆኑ መካን ነው፣ የሚራባውም በቁራጩ ነው። የናና ቁራጭ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥር ስለሚያወጣ፣ ትልቅ የናና ችግኝ መግዛት ትርፉ ወጪ ነው፤ ትንሿ ትበቃለች። ሮዝመሪ ግን አዝጋሚ ነውና ገንዘቡ ከፈቀደ ግንዱ እንጨት መሆን የጀመረውንና በዕቃው ውስጥ ያልተጨናነቀውን ከፍ ያለ ችግኝ መምረጥ ያዋጣል።