የሞተር ኮድ ማንበቢያዬ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የገዛኋት በጥቅምት መጨረሻ፣ በንዴት ነው። ፒካፔ ወባ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የወሰድኩበት ጋራዥ መጀመሪያ «ካንዴላ ነው» ብሎ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ቀየረ። ቀጥሎ «የቤንዚን ፖምፓ ነው» አለ። ፖምፓውም ተቀየረ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቀውም። ለሁለቱም ከፍያለሁ። ይህች የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ዕቃ ደግሞ አንድ ታንክ ቤንዚን ከማስሞላበት ባነሰ ዋጋ ተገኘች። ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ትሰካለች፤ የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበውን በብሉቱዝ ወደ ስልኬ ትልካለች።

መኪናዬ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.7 ሊትር የቤንዚን ፒካፕ ነው። ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭኜ ወደ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ፤ ፈተናው ስመለስ ያለው ዳገት ነው። በዚያ ሰሞን ዳገቱ ላይ የሞተሩ ምልክት መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እንዲህ ሲሆን ዝም ብሎ በርቶ ከመቆየቱ ይብሳል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ ውስጥ ያለውን የጭስ ማጣሪያ ከልክ በላይ እያጋለው ነው ማለት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰካት ሁለት ኮድ አወጣች፦ ፒ0300 እና ፒ0303። የመጀመሪያው «አንዳንድ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ነው» ይላል፤ ሌላኛው ኮድ ደግሞ የሚስተው ሦስተኛው ሲሊንደር መሆኑን ለይቶ ይጠቁማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኮዱ የታመመውን ቦታ ነገረኝ እንጂ በሽታውን አልነገረኝም። ካንዴላ፣ ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው)፣ የቤንዚን መርጫ ወይም የቫልቭ ችግር ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፍቼ የሦስተኛውን ኮይል በሁለተኛው ቦታ፣ የሁለተኛውን በሦስተኛው ቦታ አሰርኩ። የፈታሁት በአንዲት ባለ 10 ቁልፍ ነው። ኮዱን ሰርዤ እስከ ዳገቱ ድረስ ነዳሁ። ስመለስ ስልኬ ላይ የተጻፈው ፒ0302 ነበር። ችግሩ ከኮይሉ ጋር ተሰድዷል! በማግስቱ ሱማሌ ተራ ወርጄ አንድ ኮይል ገዛሁ፤ መኪናው መንቀጥቀጡን ተወ። የተቀየሩት አራት ካንዴላዎችና ፖምፓው ዛሬም ያናድዱኛል።

ስለዚህች ዕቃ ያለኝን አስተያየት የለወጠው ግን በግንቦት የገጠመኝ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ እንደገና ይርገበገብ ጀመር፤ ሲነዳ ደህና ነው። ኮዱ ፒ0171 ነበር፤ ከቤንዚኑ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ያ ጋራዥ ቢሆን ኖሮ ይህን አይቶ ሌላ ፖምፓ ባስገዛኝ ነበር። እኔ ግን ሞተሩ እየሠራ የሚታዩትን ቁጥሮች ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ቤንዚን ምን ያህል እየጨመረ እንደሚያካክስ የሚያሳየው ቁጥር መኪናው ቆሞ ሳለ 22 በመቶ ነበር። ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2,500 ዙር ሳሳድገው ቁጥሩ ወደ 4 ወረደ። ፖምፓው ደክሞ ቢሆን ጭንቀቱ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን በሚፈልግበት ጊዜ ይብስ ነበር። ቆሞ ሲሠራ ብቻ መባሱ ሌላ ነገር ያመለክታል፦ የአየር መክፈቻው ተዘግቶ ሞተሩ አጥብቆ በሚስብበት ሰዓት፣ የአየር መለኪያው ሳያየው በስንጥቅ የሚገባ አየር አለ።

ስንጥቁን ዕቃዋ አታሳይም። በትንሽ መርጫ ውኃ ይዤ፣ ኮይሎቹንና ቺንጋውን እየሸሸሁ፣ የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አረጠብኩ። ተቀጣጣይ ፈሳሽ የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እኔ አልደፍረውም። ከሞተሩ ራስ ወደ አየር ማስገቢያው በሚሄደው ቱቦ ሥር ውኃው ሲያርፍ ድምፁ ለቅጽበት ተስተካከለ። ቱቦው ከታች፣ ዓይን በማያየው በኩል ተሰንጥቋል። ዘይት የሚቋቋም ቱቦ ለክቼ ቆርጬ ተካሁት፤ ቁጥሩ ወደ 3 ወረደ።

እግረ መንገዴን ያየሁት አንድ ነገር አለ። የአካባቢው አየር ግፊት የሚታይበት ቁጥር ሱሉልታ ላይ 74 ኪሎፓስካል ይላል፤ በባሕር ጠለል 101 ገደማ ነው። እኛ ጋር ሞተር ሩብ ያህል አየሩን ተነጥቆ ነው የሚሠራው። «መኪናዬ ዳገት ላይ ደከመ» ብለን ከምናማርረው ውስጥ ከፊሉ የተራራው ጥፋት ነው።

ወደ ጉድለቷ ልምጣ። ተሰክታ ስትቀር ባትሪ ትጨርሳለች። ለአሥራ ሁለት ቀን ሳልነዳ ቆይቼ መኪናው አልነሣ ብሎኝ በገፊ ነው ያስነሣሁት። ግንኙነቷ ይቋረጣል፤ ቁጥሮቹም ዘግይተው ስለሚመጡ ለቅጽበት የሚከሰት ነገር ያመልጣታል። የፍሬንና የኤርባግ ኮድ የእኔዋ አታነብም። ስረዛውም ፈታኝ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት መብራቱ ይጠፋል፣ ሰውም የዳነ ይመስለዋል። ያገለገለ መኪና የሚሸጥም ሰው ገዢ ሊመጣ ሲል ሊሰርዝ ይችላል። የኮምፒውተሩ የራስ ምርመራዎች «አልተጠናቀቁም» የሚል ካሳየች ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ጠይቁት።

ጎረቤቴ ጋሼ የድሮ ናፍጣ ፒካፕ አላቸው። «እስቲ ያቺን ነገርህን በእኔም ላይ ሞክራት» አሉኝ። የእሳቸው መኪና ፖምፓው በሜካኒክ የሚሠራ ነው፤ የሚነበብ ኮምፒውተርም ሶኬትም የለውም። እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው ገንዘቡን ይያዝ። አሜሪካ ይህን በሶኬት የሚነበብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ በቤንዚን መኪኖች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ አስገድደዋል፤ ለሌላ ገበያ የተሠራ መኪና ግን ሶኬቱ ቢኖረውም ላይናገር ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ከሰው ተውሳችሁ ሞክሩ።

የእኔዋ አሁን በጨርቅ ተጠቅልላ የመኪናው ኪስ ውስጥ ናት። ጋሼ ደግሞ ልጃቸው ያገለገለ መኪና ሊያይ ስለሆነ ለቅዳሜ አስይዘዋታል።