ባለ 250 ብሩ የቶድለር ሃንድአውት፦ እድገቱን ግዙት፣ ደህንነቱ ግን የሌላ አገር ቤት ነው

ስለ ቶድለር እድገትና ደህንነት የሚያወራውን ይሄን የነርሶች ሃንድአውት ከኮሌጃችን በር ፊት ለፊት ካለችው ፎቶኮፒ ቤት ነው የገዛሁት። 250 ብር፣ 96 ገጽ፣ በስፓይራል የታሰረ፣ ሽፋኑ ላይ አንድ ፈረንጅ ሕፃን ሁለት ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም። ከሲኒየር ወደ ጁኒየር ሲተላለፍ የኖረ ነገር ነው፣ "ይሄን ሳትይዢ ኤግዚት ኤግዛም እንዳትገቢ" ብለው (የመመረቂያውን ፈተና ማለታቸው ነው) አስፈራርተውኝ ገዛሁት። እኔ በዲፕሎማ ስድስት ዓመት ሠርቼ አሁን ዲግሪዬን በማታ የምማር ነርስ ነኝ፣ ቤት ደግሞ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ስለዚህ አንዱን ዓይኔን ፈተናው ላይ፣ ሌላውን ልጄ ላይ አድርጌ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። የእድገት ክፍሉ አሪፍ ነው። ቶድለር ማለት ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ ነው ብሎ ይጀምርና ቁጥሮቹን ሳያንዛዛ ይደረድራል። ክብደቱ በዓመት ከ1.8 እስከ 2.7 ኪሎ ይጨምራል፣ ቁመቱ 7.5 ሴንቲ ገደማ። ሁለት ዓመት ተኩል ላይ ሲወለድ የነበረውን ክብደት አራት እጥፍ ይደርሳል። የፊተኛው እርግብግቢት ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይገጥማል። እነዚህ በየፈተናው የማይቀሩ ናቸው።

ደስ ያለኝ ግን አልፎ አልፎ "ለምን" የሚለውን መጨመሩ ነው። ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ እድገቱ ረገብ ስለሚል የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል፣ ይሄ የዕድሜው ጠባይ ነው ይላል። ጤና ጣቢያ ስሠራ ስንት እናት "ልጄ እህል አልቀምስ አለኝ፣ የሰው ዓይን ነው መሰለኝ" እያለች ትመጣ ነበር። በደንብ ላስረዳት ይገባ ነበር እያልኩ አነበብኩት። በእርግጥ ሳይመዝኑ "ኖርማል ነው" ብሎ መሸኘት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ይሄ ሃንድአውቱ ውስጥ የለም፣ መኖር ነበረበት።

ስለ ልጅ አእምሮና ጠባይ እድገት የጻፉት ኤሪክሰን፣ ፒያዤ፣ ፍሮይድ በአንድ ሠንጠረዥ ገብተዋል። ለመሸምደድ ይመቻል። ኤሪክሰን በዚህ ዕድሜ ልጁ ወይ ራሱን መቻል ወይ ማፈርና መጠራጠር ይማራል የሚለው ነገር ለዓመታት የወረቀት ወሬ ነበር የሚመስለኝ፣ ልጄ ጫማዋን ግራና ቀኝ አዛብታ ራሷ ካላጠለቀች አገር ይያዝልኝ ስትል ነው የገባኝ። ለዚህች ጠባይ የሰጠው ምክርም የሚሠራ ነው፦ "መድኃኒትሽን ትወስጃለሽ?" ብለህ አትጠይቅ፣ መልሱ "እምቢ" ነው፤ "በሲኒ ይሁን በማንኪያ?" በል። ዋርድ ላይ ሞክሩት፣ ሁልጊዜ ባይሆንም ይሠራል።

የእድገት ደረጃዎቹ ዝርዝር ግን አርጅቷል። አሜሪካኖቹ፣ የበሽታ መከላከያ ተቋማቸውን ሲዲሲን ማለቴ ነው፣ በፈረንጆቹ 2022 ዝርዝራቸውን አድሰው ከ100 ልጅ 75ቱ የሚደርሱበትን ዕድሜ መለኪያ አድርገዋል፣ ድሮ 50ው ነበር። ሃንድአውቱ የድሮውን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሁለት ዓመት ላይ 6 ወይም 7 ኩብ ይደረድራል ይላል። ኩብ ከየት ይምጣ? በባዶ የክብሪት ቀፎ ሞከርኳት፣ አምስተኛው ላይ ፈረሰባትና ሁሉንም በእግሯ በተነችው። ማርክ አልሰጠኋትም።

ኅትመቱን ተዉት። ገጽ 41 ላይ የሙአክ ቴፕ፣ የልጁን ክንድ ዙሪያ ለክተን የምግብ እጥረት የምንለይበት ሜትር፣ ሥዕል አለ። ከ11.5 ሴንቲ በታች ቀይ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ መሆን ነበረበት። ፎቶኮፒው ሦስቱንም አመድ አድርጓቸዋል። የእድገት መከታተያ ቻርቱም እንደዚያው፣ የትኛው መስመር የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማየት ይቀላል።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ደህንነት የሚለው ክፍል 22 ገጽ ነው። የመዋኛ ገንዳው ይታጠር ይላል። የጋራዡ በር፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ይቆለፍ ይላል። በመኪና ልጁ በራሱ መቀመጫ ታስሮ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይሂድ ይላል። እውነት ነው፣ ግን እኔ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ አምስተኛ ሆኜ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው የምሄደው። መርዝ ከጠጣ ደግሞ ደውሉ ብሎ ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል፣ የአሜሪካ ቁጥር! ሲገለብጥ የኖረው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳን ቆም ብሎ አላየውም።

የኛ ቤት አደጋ ያለው ወለል ላይ ነው። ቡና ሲፈላ አስቡት። ከሰሉ የተያያዘ ምድጃ፣ ላዩ ላይ የሚንተከተክ ጀበና፣ ረከቦት፣ ሲኒ፣ ቆሎ፣ ፈንድሻ፣ ሁሉም በልጁ ጉልበትና እጅ ልክ። ትናንት "ወፌ ቆመች" ያልንለት ልጅ ዛሬ ድክ ድክ እያለ መጥቶ የሚደገፈው የመጀመሪያው ነገር ጀበናው ነው። ባለፈው አታችመንት (የተግባር ልምምድ) የወጣሁበት ዋርድ ውስጥ የ20 ወር ልጅ ደረቱን በቡና ተቃጥሎ ተኝቶ ነበር። ቤት ውስጥ የጥርስ ሳሙና ቀብተውት ነው የመጡት፣ ሳሙናውን ከቁስሉ ላይ ስናጥብ የነበረው ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ቶሎ ብሎ ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ማድረግ ነበር የሚያስፈልገው። በረዶም፣ እንቁላልም፣ ማርም አይደለም። ሃንድአውቱ ስለ ቃጠሎ ሲያወራ ግማሽ ገጹን ለሶኬት መሸፈኛ ሰጥቶታል።

ላምባና በረኪናም የሉበትም። ላምባ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቶ አልጋ ሥር ያላስቀመጠ ሰፈር ካለ ንገሩኝ። ልጅ ላምባ ከጠጣ ወተት አጠጥቶ ማስመለስ የሚባለው ልማድ አደገኛ ነው፣ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ ይገባል። ማስመለስ የለም፣ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። ይሄ ለፈተናም ይመጣል፣ ለሕይወትም ይመጣል።

ማነቅ ላይ ወይንና ሆት ዶግ ይጠቅሳል። ቆሎስ? ኦቾሎኒስ? ደግሞ እዚህ ጋ ግልጽ ስህተት አለ፦ ያነቀው ሕፃን ሁሉ ሆዱ ይጫን ይላል። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ሆድ አይጫንም፣ 5 ጊዜ ጀርባውን መምታት፣ 5 ጊዜ ደረቱን መጫን ነው። እስክሪብቶ አንሥታችሁ ሰርዙት።

ከሁሉ የከፋኝ እድገቱንና ደህንነቱን አለማገናኘቱ ነው። ገጽ 12 ላይ የቶድለር ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው ይላል፣ እዚያው ይቆማል። ለዚህ አይደል ባልዲ ውስጥ አጎንብሶ ከተደፋ ራሱን ማውጣት የሚያቅተው? ውሃ ስለሚጠፋ ባልዲና ሳፋ ሞልተን የምናሳድረው እኛ ነን። ልጁ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ይሰጥማል። ፈተና አውጪዎቹ ደግሞ የሚወዱት እንዲህ ያለውን የሚያያዝ ጥያቄ ነው።

ሆስፒታል ስለተኛ ልጅ የሚያወራው ሦስት ገጽ ደህና ነው። ከእናቱ ሲለይ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል፣ በመጨረሻ የተላመደ ይመስላል፣ እያለ በደንብ ያስረዳል። ዝም ያለውን ልጅ "ጎበዝ" ብለን የምናልፍ ብዙ ነን።

ልትገዙ ከሆነ 200 ብር በሉት፣ ይቀንሳል። ገጽ 41ን በከለር አውጣልኝ ማለት አትርሱ፣ እኔን 20 ብር አስከፍሎኛል። የደህንነቱን 22 ገጽ ጭራሽ አታስወጡት፣ ሻጩ ቢነጫነጭም ያለ እሱ ይሸጣል።