የማታ ክላስ ሪቪው፦ «ሬስና የአሜሪካ ፖለቲካ»፣ ከ5 ኮከብ 4

እዚህ ሜሪላንድ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ማታ የሚሰጠውን ክላስ ባለፈው ሴሚስተር ጨረስኩት፣ ልውሰደው ወይ እያለ የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ወቀሳም ስላለበት።

እውነቱን ልናገርና የተመዘገብኩት ሰዓቱ ከስራዬ ጋር ስለገጠመልኝ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሬስ ሲሉ እኔ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ዘር ነው፣ ዘር ሲባል ደግሞ ያው ብሔር፣ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ትጻፍ የነበረችዋ። እዚህ ግን መልክህን አይቶ ነው የሚመድብህ፣ ጎንደሬ ሁን ወለጌ ማን ጠይቆህ።

ፕሮፌሰሯ የወደድኩላት ነገር ትምህርቱን ራሱን ነው ቀድማ የምትገርፈው። 1880 ላይ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካል ሳይንስ ትምህርት ቤት ያቋቋመው ጆን በርጀስ የሚባለው ሰውዬ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት መስጠቱ ስህተት ነበር ብሎ የጻፈ ሰው ነው፣ በቃ ትምህርቱ ከዛ ነው የተጀመረው። ከዛ ራልፍ በንች መጣ። በ1934 ሃርቫርድ በፖለቲካል ሳይንስ ዶክትሬቱን ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካል ሳይንሱን ክፍል ያቋቋመው እሱ፣ በ1950 የሰላም ኖቤል የወሰደው እሱ። ዲሲ ናይንዝ ስትሪት ክትፎ በልቼ በሃዋርድ በኩል ስንት ዓመት ሳልፍ ይሄን አላውቅም ነበር፣ አፈርኩ። የአሜሪካ ፖለቲካል ሳይንስ ማህበር ፕሬዝዳንትም ሆኗል፣ ሁለተኛው ጥቁር ፕሬዝዳንት እስኪመጣ ግን ወደ 40 ዓመት ፈጀ። በ1969 ጥቁሮቹ ምሁራን የራሳቸውን ማህበር ያቋቋሙት ዝም ብለው አይደለማ።

ለኔ የክላሱን ዋጋ ያወጣችው አንዷ ማታ ነች። ቁራጭ ወረቀት አደለችን፣ ስም የለው ምን የለው፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ እዚህ አገር ባጠቃላይ ጥቁሮች ላይ የሚደርሰው ነገር ያንተን ህይወት ይነካዋል ወይ፣ ከነካስ ምን ያህል? አጠገቤ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ አባት ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ «በጣም» ላይ አከበቡ። እኔ «ትንሽ» ብዬ ሰረዝኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ፣ ከዛ ፖሊስ አስቁሞኝ ገና መንጃ ፈቃዴን ሳያይ እጅህን መሪው ላይ ያለኝ ትዝ አለኝና እንደገና ሰረዝኩ። ይቺ ጥያቄ ዝነኛ ናት ለካ። ማይክል ዶውሰን የሚባል ምሁር በ1994 በዚቹ ተነስቶ ሀብታም የሆነውም ጥቁር ከድሃው ጋር አንድ ላይ ለምን እንደሚመርጥ ያስረዳል፣ ለወገኔ የሚበጀው ለኔም ይበጃል ብሎ ስለሚያስብ ነው፣ የተሳሰረ ዕጣ እንደማለት።

እሺ ከአፍሪካ የመጣነውስ? ክርስቲና ግሪር የምትባል ምሁር ኒውዮርክ ውስጥ የአንድ ሠራተኛ ማህበር አባላትን፣ እዚህ የተወለዱትን፣ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡትን ጠይቃ አጥንታዋለች፣ ፈረንጁ እኛን «ከነሱ ትሻላላችሁ» እያለ ለየት እንደሚያደርገን ታነሳለች። ስንቶቻችን ይቺን ሙገሳ ሰምተን ደስ ብሎን እንደገባን እናውቃለን 😅 ክላሱ ግን ለዚህ ሁሉ የሰጠው አንድ ማታ ነው፣ እሱንም ላቲኖና ኤዥያን አንድ ላይ ጠቅጥቃ! አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ነው።

ሌላው ሪዲንጉ በሰንጠረዥ የተሞላ ነው፣ ሪግሬሽን ምናምን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ በቁጥር የሚለኩበት ዘዴ ነው)፣ ታውቃላችሁ ብላ ታልፈዋለች። አናውቅም። ኩዊዝ የሚሰራበት ዌብሳይትም ሁለቴ መሃል ላይ ተዘግቶብኛል፣ ኢሜይል ብጽፍ የመለሰልኝ የለም።

የምትመዘገቡ ካላችሁ ስለ ሪግሬሽን ዩቱብ ላይ ትንሽ አይታችሁ ግቡ፣ መጽሐፉን ደግሞ አዲስ እንዳትገዙ፣ የኔ አለ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ።